ኤክስሬዩ ንጹሕ ከሆነ ድኗል ማለት ነው?

በከባድ የሳንባ ምች ወይም በኮቪድ ሆስፒታል ተኝቶ የወጣ ሰው ቤቱ ሲገባ ወዳጅ ዘመድ «እንኳን እግዚአብሔር ማረህ» እያለ ይጎርፋል። ወር ሲሞላው ጠያቂው ይሳሳል፣ አነጋገሩም ይለወጣል፤ «ኤክስሬዩ ንጹሕ ነው አላሉህም እንዴ? ታዲያ አሁን ምን ሆነህ ነው የምትተኛው?» እምነቱ ግልጽ ነው። በሽታው የሳንባ ነበር፤ ሳንባው ከነጻ ሰውየው ድኗል፤ ከዚያ ወዲያ ያለው ድካም ወይ ስንፍና ወይ ጭንቀት ነው። ይህን የሚሉት ክፉ ሰዎች አይደሉም፤ ብዙ ጊዜ ሌሊቱን ሲያስታምሙ ያደሩት ራሳቸው ናቸው። የተሳሳቱት የበሽታውን ቦታ ነው። ኢንፌክሽኑ በሳንባ ይግባ እንጂ ጉዳቱ እዚያው አይቀርም። ከሆስፒታል መውጣትም የሚያረጋግጠው ያ ሰው ያለ ኦክስጅንና ያለ መርፌ ቤቱ መዋል መቻሉን ብቻ ነው።

ጠንካራው ማስረጃ ኮቪድ ከመምጣቱ በፊት የተሰበሰበ ነው። በካናዳ ቶሮንቶ ሳንባቸው ክፉኛ ተጎድቶ ከጽኑ ሕሙማን ክፍል በሕይወት የወጡ 109 ሰዎችን ሐኪሞች ለ5 ዓመት ተከታትለው ውጤቱን እ.ኤ.አ. በ2011 አሳትመዋል። የሳንባ ምርመራቸው ከጤነኛ ሰው ብዙም አይለይም ነበር። በ6 ደቂቃ ውስጥ በእግራቸው መሄድ የቻሉት ርቀት ግን ከመሐላቸው ያለው ሰው ሲወሰድ 436 ሜትር ነው፤ ከእነሱ ከሚጠበቀው 76 በመቶው መሆኑ ነው፣ ያውም ከ5 ዓመት በኋላ። አየሩ ይገባል፣ ሰውየውን የሚሸከመው እግር ግን የለም። ምክንያቱን በእንግሊዝ 63 የጽኑ ሕሙማን ክፍል ታካሚዎች ላይ የተደረገ ሌላ ጥናት ያሳያል፤ የጭናቸው ጡንቻ በ10 ቀን ውስጥ 18 በመቶ ያህል ሟሟ። ይህን ያመጣው መተኛቱ ብቻ አይደለም። ሰውነት ኢንፌክሽኑን ሲዋጋ የሚቀጣጠለው ብግነት ራሱ ጡንቻን ያፈርሳል፣ ነርቭንም ይጎዳል። ስለዚህ ከበሽታው በፊት ዱካ ላይ ተቀምጦ ያለ ችግር ይነሣ የነበረ ሰው አሁን ሁለት እጁን ጉልበቱ ላይ ተክሎ፣ ወገቡን አጉብጦ፣ አንዳንዴም በሁለተኛው ሙከራ ነው የሚነሣው። ይህን ኤክስሬይ አያየውም።

አእምሮውም እንደዚሁ ነው። በጽኑ ሕሙማን ክፍል መቃዠት፣ ቀንና ሌሊትን ማምታታት፣ የሌለ ሰው ማየት የተለመደ ነው። ቤተሰብ ይህን በትኩሳቱ ያመካኝና ሲያልፍ ይረሳዋል። እ.ኤ.አ. በ2013 በአሜሪካ የወጣ ጥናት የመተንፈስ አቅማቸው ተዳክሞ ወይም የደም ዝውውራቸው ወድቆ የታከሙ 821 ሰዎችን መዝግቦ፣ የተረፉትን ሰዎች የማሰብ ችሎታ ከ3 ወር በኋላ ፈትኗል። 40 በመቶዎቹ ያገኙት ውጤት መካከለኛ የጭንቅላት ጉዳት ከደረሰበት ሰው ጋር የሚቀራረብ ነበር። ከዓመት በኋላም ከ3ቱ አንዱ ያህል እዚያው ደረጃ ላይ ነበር፣ ወጣቶችም ጭምር። ቅዠቱ ረዘም ላለ ቀን የቆየባቸው ደግሞ የባሰ ተጎድተዋል። ሱቅ ሄዶ መልስ መቁጠር የሚያቅተውን፣ የጀመረውን ወሬ መሐል ላይ የሚጥለውን ሰው «ልቡ ሌላ ቦታ ነው» ብሎ ማለፍ ታዲያ ስሕተት ነው።

እዚህ ላይ ተገቢ ጥያቄ ይነሣል። ድካምና የእንቅልፍ መዛባት ማን የሌለበት አለ? ከዚህስ በላይ ሆስፒታል የሚገባው በአብዛኛው ቀድሞውኑ አዛውንት ወይም የስኳርና የደም ግፊት ሕመምተኛ አይደለምን? ጥያቄው ቀላል አይደለም፤ ማነጻጸሪያ የሌለው አኀዝ ብዙ ሰው አሳስቷል። የቻይናዋ ዉሃን ጥናት የሚጠቅመውም ለዚህ ነው። በኮቪድ ታክመው ከወጡት 1,276 ሰዎች መካከል ቢያንስ አንድ የሕመም ምልክት ያልለቀቃቸው በ6 ወር 68 በመቶ፣ በ12 ወር 49 በመቶ ነበሩ። ተመራማሪዎቹ እዚህ ሳያቆሙ በዕድሜ፣ በጾታና ቀድሞ በነበረ ሕመም ከሚመሳሰሏቸው፣ ኮቪድ ካልያዛቸው ነዋሪዎች ጋር አስተያዩዋቸው፤ ታክመው የወጡት በመንቀሳቀስም፣ በሕመም ስሜትም፣ በጭንቀትም የባሱ ሆነው ተገኙ። ዕድሜና ነባር በሽታ ብቻውን አይገልጸውም። በሌላ በኩል ቁጥሩ በስድስት ወር ውስጥ መውረዱንና ሥራ ከነበራቸው አብዛኞቹ መመለሳቸውን መደበቅም ሌላ ተረት መፍጠር ነው። «ኮቪድ የያዘው ዳግም ሰው አይሆንም» የሚለው ወሬ ከመጀመሪያው ያልተሻለ ነው።

«የጎዳው ሕክምናው ነው» የሚሉም አሉ፤ ይህ ደግሞ ግማሽ እውነት አለበት። እ.ኤ.አ. በ2003 ሳርስ በተባለው የሳንባ በሽታ ወረርሽኝ ጊዜ ቤጂንግ ውስጥ ከፍተኛ መጠን ያለው ስቴሮይድ ከወሰዱት መካከል የዳሌ አጥንታቸው ደም አጥቶ የሞተባቸው አሉ። ለረጅም ቀን የሚሰጥ ማደንዘዣም ቅዠትን ያባብሳል። ነገር ግን ለኮቪድ የተሰጠው ስቴሮይድ፣ ዴክሳሜታሶን፣ በቀን 6 ሚሊግራም፣ ቢበዛ ለ10 ቀን ነው፤ በእንግሊዝ በተደረገው ትልቅ ሙከራም በመተንፈሻ መሣሪያ ላይ ከነበሩት መካከል ሞትን በሲሶ ያህል ቀንሷል። ኦክስጅን የተደረገለት አይተርፍም የሚባለውም ነገሩን ገልብጦ ማየት ነው፤ ኦክስጅን የሚደረገው በጠና ለታመመ ሰው ስለሆነ ነው ሞቱ ከእሱ ጋር የሚታየው። ከዚህ ወሬ ተነሥቶ ሆስፒታል የሚዘገይ ሰው በኋላ የሚተርፈው ጉዳት ይብስበታል እንጂ አይቀርለትም።

በቤት ያለው እንክብካቤ ላይ ደግሞ ሁለት ተቃራኒ ስሕተት አለ። አንዱ «ዕረፍት ያድነዋል» ብሎ ከአልጋ አለማስነሣት ነው። አጥሚቱም፣ መረቁም፣ እንቁላሉም ይጠቅማል፤ ሰውነት ጡንቻ የሚሠራው ከምግብ ነው። ጡንቻው ግን ካልታዘዘ አይሠራም። ስለዚህ ከበሉ በኋላ ከበር እስከ አጥር መሄድ፣ ከወንበር ተነሥቶ መቀመጥ፣ በየሳምንቱም ጥቂት መጨመር ያስፈልጋል። ሌላው ስሕተት «በርታ፣ ሩጥ» ማለት ነው። ትንሽ ሥራ ሠርተው በማግሥቱ ለቀናት የሚወድቁ ሰዎች አሉ፤ እነዚህ መጠናቸውን ቀንሰው በሐኪም ምክር እንጂ በግፊት አይሻሻሉም። እ.ኤ.አ. በ2024 በእንግሊዝ ውጤቱ የወጣ ሙከራ፣ በኮቪድ ታክመው ከወጡ 3 ወርና ከዚያ በላይ ለሆናቸው 585 ሰዎች የተደረገ ነው፤ ለተወሰኑት በኢንተርኔት ለ8 ሳምንት የቡድን እንቅስቃሴና የሥነ ልቦና ድጋፍ ተሰጠ። መሻሻሉ መጠነኛ ነበር፣ ግን እስከ ዓመት ዘለቀ። ፊዚዮቴራፒስት በሌለበት ከተማም ቢሆን የመጀመሪያው እርምጃ ብዙ መሣሪያ አይፈልግም።

ለድካሙ ትዕግሥት ይገባዋል፤ ልብ ላይ ግን ትዕግሥት አይሠራም። ዕድሜያቸው 65ና ከዚያ በላይ በሆኑ አሜሪካውያን ላይ የተደረገ ጥናት በሳንባ ምች ሆስፒታል ከገቡ በኋላ ባሉት 30 ቀናት ድንገተኛ የልብ ሕመምና ስትሮክን የመሳሰሉ ችግሮች ዕድል 4 እጥፍ ያህል እንደሚጨምር አሳይቷል፤ ጭማሪው እየቀነሰ ቢሄድም ለዓመታት አልጠፋም። ስለዚህ ደረትን የሚጨብጥ ሕመም፣ የአንድ እግር እብጠት፣ ድንገት የባሰ የትንፋሽ ማጠር ወይም ራስን መሳት ከታየ ቀጠሮው ገና ነው ሳይባል በዚያው ቀን ድንገተኛ ክፍል መሄድ ነው፤ ኤክስሬዩ ባለፈው ሳምንት ንጹሕ ነበር ቢባልም።