አረጋውያንን በየቤታቸው መርዳት፤ የበጎ ፈቃድ አገልግሎት በሰቆጣና በኒሯቅ አካባቢ

መግቢያ

በተባበሩት መንግሥታት ድርጅት አቆጣጠር ዕድሜው 60 ዓመትና ከዚያ በላይ የሆነ ሰው አረጋዊ ይባላል። በአገራችን ጡረታ የሚያገኘው በመንግሥት መሥሪያ ቤት፣ ከ2003 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ በግል ድርጅት ተቀጥሮ ያገለገለ ሰው ነው። በእርሻና በከብት እርባታ የኖረ ገበሬ ግን ጡረታው ልጆቹ ናቸው። ልጆቹ እንጀራ ፍለጋ ሲርቁ፣ ሲሞቱ ወይም እነርሱም ሲቸገሩ አረጋዊው ያለ ጧሪ ይቀራል። የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 41 መንግሥት የአገሪቱ አቅም በፈቀደ መጠን አረጋውያንን እንዲረዳ ይደነግጋል። ይህ ጽሑፍ በዋግ ኽምራ ብሔረሰብ አስተዳደር ዞን ያለውን ሁኔታ መሠረት በማድረግ፣ የአካባቢው ኅብረተሰብ ለአረጋውያን የቤት ለቤት አገልግሎት እንዴት ሊያቋቁም እንደሚችል ለጤና ባለሙያዎች፣ ለእድር መሪዎችና ለበጎ ፈቃደኞች ያብራራል።

አገልግሎቱ እያለ ለምን አይደርስም?

በዋግ ኽምራ ለአረጋውያን የሚጠቅሙ አሠራሮች ጨርሶ የሉም ማለት አይቻልም። በ1997 ዓ.ም. የተጀመረው የምርታማ ሴፍቲኔት ፕሮግራም ጉልበት ለሌላቸው ቤተሰቦች ሥራ ሳይጠየቁ ድጋፍ የሚያገኙበትን መንገድ አበጅቷል። በ2003 ዓ.ም. በአራት ክልሎች በሚገኙ 13 ወረዳዎች በሙከራ የተጀመረው ማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድኅን መክፈል የማይችሉ ድሆች መዋጮ በመንግሥት የሚሸፈንበት ሥርዓት አለው። የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራምም ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮ ሠራተኞችን በየቀበሌው መድቧል። ሰቆጣ ላይ የተፈራ ኃይሉ መታሰቢያ ሆስፒታል አለ።

ችግሩ አረጋዊውና አገልግሎቱ አለመገናኘታቸው ነው። ብዙዎቹ አሠራሮች ሰውየው በእግሩ መጥቶ፣ ስሙን አስመዝግቦ፣ መታወቂያውን አሳይቶ እንዲጠይቅ ይፈልጋሉ። የዋግ አቀበትና ቁልቁለት ግን ጉልበቱ ለደከመ፣ ዓይኑ ለፈዘዘ ሰው የሚሞከር አይደለም። በዚህ ላይ ኽምጣኛ ብቻ የሚናገር አረጋዊ ሕመሙን በአማርኛ አሟልቶ ማስረዳት ያዳግተዋል። በጥቅምት 2013 ዓ.ም. ተጀምሮ በጥቅምት 2015 ዓ.ም. በፕሪቶሪያ ስምምነት በተቋጨው ጦርነት ዘመን ደግሞ ከኒሯቅና ከቀሪው የአበርገሌ ወረዳ ብዙ ሕዝብ ወደ ሰቆጣ ተፈናቅሏል። በእንዲህ ያለ ጊዜ መራመድ የማይችል አረጋዊ ወይ ከቤቱ ይቀራል፣ ወይም ከሚያውቁት ጎረቤቶቹ ተለይቶ በማያውቀው ቦታ ይወድቃል።

ዕድሜ እየተባለ የሚታለፍ በሽታ

አረጋዊ ዓይኑ ሲጠፋ “ዕድሜ ነው” ይባላል። በ1998 ዓ.ም. በአገር አቀፍ ደረጃ በተካሄደው ጥናት ከኢትዮጵያ ሕዝብ 1.6 ከመቶ የሚሆነው ዓይነ ስውር ሆኖ ተገኝቷል። ከእነዚህ ግማሽ ያህሉን ያሳወረው የዓይን ሞራ ግርዶሽ ሲሆን፣ 11.5 ከመቶ ያህሉ የታወሩት ትራኮማ በዓይናቸው ብሌን ላይ ባስከተለው ጠባሳ ነው። የዓይን ሞራ በአጭር ቀዶ ሕክምና ይወገዳል። በትራኮማ ምክንያት ወደ ውስጥ የታጠፈ የዓይን ሽፋሽፍትም ብሌኑን ፍቆ ሳያጠፋው በፊት ሥልጠና ባገኘ ነርስ በጤና ጣቢያ ደረጃ ሊስተካከል ይችላል። ትራኮማ በአማራ ክልል እጅግ የተስፋፋ በመሆኑ ይህ ጉዳይ የዋግን አረጋውያን በቀጥታ ይመለከታል። ስለዚህ በጊዜ ያልተጎበኘ አረጋዊ ሊድን በሚችል በሽታ ቀሪ ዘመኑን በጨለማ ያሳልፋል ማለት ነው። ምልክት ሳያሳይ የሚቆየው የደም ግፊትም ካልተለካ አይታወቅም፤ ብዙ ጊዜ የሚታወቀው ሰውየው ግማሽ አካሉ ሽባ ሆኖ ሲወድቅ ነው።

በጉብኝት ጊዜ ምን ይታያል?

የዓለም ጤና ድርጅት ለአረጋውያን እንክብካቤ ባወጣው መመሪያ ስድስት ነገሮች እንዲፈተሹ ይመክራል። እነዚህን ማንኛውም የሠለጠነ በጎ ፈቃደኛ ሊያያቸው ይችላል።

1. ማስታወስ፦ ሦስት ቀላል ቃላት ነግሮ ጥቂት ቆይቶ መጠየቅ፤ ቀኑንና ያሉበትን ቦታ ማወቃቸውንም ማረጋገጥ።
2. መንቀሳቀስ፦ በእጃቸው ሳይደገፉ ከወንበር አምስት ጊዜ በ14 ሰከንድ ውስጥ መነሣት መቻላቸውን ማየት።
3. ምግብ፦ የምግብ ፍላጎታቸው መቀነሱን፣ በሦስት ወር ውስጥ ሳያስቡት ከሦስት ኪሎ በላይ መክሳታቸውን መጠየቅ። ሚዛን ከሌለ ልብሳቸው ሰፍቷቸው እንደሆነ መመልከት።
4. ዓይን፦ ሩቅና ቅርብ ማየታቸውን፣ ዓይናቸው መቆርቆሩንና ማልቀሱን መጠየቅ።
5. ጆሮ፦ ከጎናቸው ሆኖ በሹክሹክታ የተነገረን ቃል መስማታቸውን መፈተሽ።
6. መንፈስ፦ ባለፉት ሁለት ሳምንታት በኀዘን መዋጥ ወይም በነገር ሁሉ ደስታ ማጣት መኖሩን መጠየቅ።

የበጎ ፈቃደኛው ተግባር በሽታውን መሰየም ወይም መድኃኒት መስጠት አይደለም። ያየውን መዝግቦ ለጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ማስታወቅና አረጋዊው ሕክምና እስኪያገኝ ድረስ መከታተል ነው።

አገልግሎቱን ስለ ማደራጀት

በየዓመቱ በክረምት በጎ ፈቃድ ወጣቶች የአረጋውያንን ቤት ያድሳሉ፤ ይህም የሚመሰገን ሥራ ነው። ይሁን እንጂ ትምህርት ቤት ሲከፈት ወጣቶቹ ይበተናሉ፤ የታደሰው ቤት ውስጥ ያለው አረጋዊ ግን በጥርም በሚያዝያም ውኃ የሚቀዳለት ይሻል። ስለዚህ ዓመቱን ሙሉ የሚዘልቅ አገልግሎት በአካባቢው ጸንቶ በኖረ ማኅበር ላይ መመሥረት አለበት። በወሎ ቅሬ በመባል የሚታወቀው እድር፣ እንዲሁም ማኅበርና ሰንበቴ ለዚህ ተስማሚ ናቸው። በ1990ዎቹ በአዲስ አበባና በሌሎች ከተሞች ብዙ እድሮች ከቀብር ሥራ አልፈው የኤችአይቪ ሕሙማንን በየቤታቸው መንከባከባቸው ይህ የሚቻል መሆኑን አሳይቷል። አጀማመሩ በሚከተለው መልክ ሊሆን ይችላል።

ሀ/ ምዝገባ፦ በመጀመሪያ በቀበሌው ብቻቸውን የሚኖሩ፣ የማያዩ፣ ከአልጋ የማይነሡና የልጅ ልጅ የሚያሳድጉ አረጋውያን ይመዝገቡ። ተፈናቅለው የመጡትና የእድር አባል ያልሆኑትም መካተት አለባቸው፤ እጅግ የተቸገረው መዋጮ መክፈል አቅቶት ከእድር የወጣው ነውና።

ለ/ ምደባ፦ አንድ በጎ ፈቃደኛ በቅርብ ርቀት ካሉ ከአምስት አረጋውያን በላይ ባይሰጠው ይመረጣል። ጉብኝቱ ቢቻል በየሳምንቱ፣ ቀኑም ቁርጥ ይሁን። የአረጋዊውን ቋንቋ የሚናገር ሰው ይመረጥ፤ ሴት አረጋዊት ገላዋን ለመታጠብ ርዳታ ከፈለገች ሴት ትመደብላት። ብርታት ያላቸው አረጋውያንም ራሳቸው ጎብኚ ሊሆኑ ይችላሉ። በእርሻ ወቅት የሚተኩ ተጠባባቂዎች አስቀድመው ይታወቁ።

ሐ/ ክትትል፦ ለእያንዳንዱ አረጋዊ የተጎበኘበት ቀን፣ የታየው ችግር፣ የተላከበት ቦታና የተገኘው ውጤት የሚጻፍበት አንድ ደብተር ይበቃል። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ በወር አንድ ጊዜ ደብተሩን ትመልከት። “ተላከ” ከሚለው ቀጥሎ “ታከመ” የሚል ካልተጻፈ ሥራው አልተፈጸመም።

መ/ ጥንቃቄ፦ ጎብኚ የአረጋዊውን የሴፍቲኔት ገንዘብ ወይም እህል ብቻውን አይቀበልለት፤ ግድ ከሆነ በምስክር ፊት ይሁን። አረጋዊው ያጫወተውን ምስጢር አያውጣ። ድብደባ፣ መሬት መቀማት ወይም ረኃብ ከጠረጠረ ግን ለእድሩ መሪዎችና ለማኅበራዊ ጉዳይ ባለሙያ ወዲያው ያሳውቅ። ከምንም በላይ አረጋዊው የማይፈልገውን አያድርግበት፤ ርዳታን መቀበልም መተውም የእርሱ መብት ነው።

ሠ/ ወጪ፦ ብዙ ገንዘብ አያስፈልግም። የእድሩ ጠቅላላ ጉባኤ ከወርኃዊ መዋጮው ጥቂት ከፍሎ ለሳሙናና ለመጓጓዣ ይመድብ። ጉብኝቱ ትልቁን ጥቅም የሚያስገኘው ለጤና መድኅንና ለሴፍቲኔት ያልተመዘገቡትን በማስመዝገብ ነው።

ማጠቃለያ

የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት እ.ኤ.አ. ከ2021 እስከ 2030 ያሉትን ዓመታት በጤና የማርጀት ዐሥርት ብሎ ሰይሟቸዋል። በዋግ ደጋና ቆላ የዚህ ዐሥርት ፍሬ የሚለካው ሊድን የሚችል አረጋዊ ሕክምና በማግኘቱ ነው። የእድር አባላት ሟችን ተሸክመው ለመቅበር ገደል ወርደው፣ ዳገት ወጥተው ይሄዳሉ። ያንኑ ትከሻ፣ ያንኑ ቃሬዛ ሰውየው በሕይወት ሳለ ወደ ጤና ጣቢያ ለማድረስ ቢያውሉት የዓይን ሞራው ተገፍፎለት የልጅ ልጆቹን መልክ የሚያይ ብዙ ነው። የጤና ባለሙያውም ድርሻ ይህን ጉዳይ በእድሩ ጉባኤ ላይ ማንሣት፣ ጎብኚዎቹን ማሠልጠንና የሚልኳቸውን አረጋውያን ሳያጉላላ መቀበል ነው።