ማንም ሳይኖር «ሰው አለ» የሚያሰኘን ምንድን ነው?

ከጓዳ አንዲት የሽምብራ ፍሬ ያምጡና ጠረጴዛው ላይ ያስቀምጡ። የመሀል ጣትዎን በሌባ ጣትዎ ላይ አሻግረው ያጠላልፉ፤ ዐይንዎን ይጨፍኑ። ከዚያ ሽምብራዋን በተጠላለፉት ጣቶች ጫፍ መካከል አድርገው ቀስ እያሉ ያንከባልሏት። ትንሽ ቆይቶ ሁለት ሽምብራ የሚነኩ ይመስልዎታል። አንድ ብቻ እንዳስቀመጡ ያውቃሉ፤ ዐይንዎን ቢገልጡም አንድ ናት። ጣቶችዎ ግን «ሁለት ናቸው» ብለው ድርቅ ይላሉ።

ይህን ነገር አርስቶትል ከ2,300 ዓመት በፊት ጽፎታል። ጣቶቻችን እንደ ወትሮው ጎን ለጎን ሲሆኑ የሌባ ጣት የውጭ ጎንና የመሀል ጣት የውጭ ጎን አንዲት ትንሽ ፍሬ በአንድ ጊዜ ሊነኩ አይችሉም። ጣቶቹ ሲጠላለፉ ግን ሁለቱ የውጭ ጎኖች ፊት ለፊት ይገናኛሉ። አንጎል ይህን ለውጥ ልብ አይለውም፤ ጣቶቹ በየቦታቸው እንዳሉ አድርጎ ያሰላል። በስሌቱ መሠረት በሁለት ራቅ ያሉ ጎኖች ላይ የተነካው ሁለት ነገር መሆን አለበት። ስለዚህ አንዷን ሁለት አድርጎ ያቀርብልናል።

ጣት ላይ የሆነው መላ ሰውነት ላይ ቢሆንስ? አንጎል እኛኑ፣ አንዱን ሰው፣ ሁለት አድርጎ ቢቆጥርስ? ባዶ ቤት ውስጥ ከጀርባችን የቆመ ሰው ያለ ሲመስለን፣ ዞር ስንል ግን ማንም ሳይኖር ሲቀር የሚሆነው ብዙ ጊዜ ይኸው ሊሆን ይችላል።

ከጀርባዋ የተቀመጠው ሰው

እ.ኤ.አ. በ2006 (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) ኔቸር በተባለው የሳይንስ መጽሔት ላይ የሻሃር አርዚና የኦላፍ ብላንከ ቡድን ከስዊዘርላንድ አንድ አጭር ዘገባ አወጣ። ታካሚዋ የሚጥል በሽታ ያለባት የ22 ዓመት ወጣት ነበረች። ለቀዶ ሕክምና ሲያዘጋጇት ሐኪሞቹ የትኛው የአንጎሏ ክፍል ምን እንደሚሠራ በደካማ ኤሌክትሪክ እየፈተሹ ነበር። እሷ ነቅታ ትናገራለች፤ የሚሰማትን ትነግራቸዋለች።

ከግራ ጆሮ በላይ ወደ ኋላ ዘንበል ያለ አንድ ቦታ ሲነካ ወጣቷ ከኋላዋ ሰው እንዳለ ተናገረች። እሷ ተኝታለች፤ እሱም ተኝቷል። አይናገርም፣ አይንቀሳቀስም። ቀና ብላ ጉልበቷን በሁለት እጇ አቅፋ እንድትቀመጥ አደረጓትና ያንኑ ቦታ እንደገና ነኩት። ሰውየውም ተቀምጦ በክንዶቹ እንዳቀፋት ተሰማት፤ ስሜቱም ደስ አላላትም። ቀጥሎ ካርድ በእጇ ይዛ እንድታነብ ሲያደርጉ፣ ካርዱን ሊወስድባት እንደሚፈልግና እንድታነብ እንደማይፈቅድላት ተናገረች።

የሰውየውን አኳኋን ልብ ይበሉ። ስትተኛ ይተኛል፤ ስትቀመጥ ይቀመጣል፤ ጉልበቷን ስታቅፍ እሱም ያቅፋል። ተመራማሪዎቹ ሰውየው ራሷ ናት አሉ። የተነካው የአንጎል ክፍል ከቆዳ፣ ከጡንቻ፣ ከዐይንና ከውስጥ ጆሮ የሚመጡትን መልእክቶች አጋጥሞ «ሰውነቴ እዚህ ነው ያለው፤ አኳኋኑም እንዲህ ነው» የሚለውን ስሜት ከሚሠሩት አንዱ ነው። ኤሌክትሪኩ ይህን ሥራ ሲያውከው የራሷ ሰውነት ስሜት ከቦታው ተንሸራቶ ከጀርባዋ ተቀመጠ። እሷ ግን ስሜቱ የራሷ መሆኑን አላወቀችውም፤ የሌላ ሰው አደረገችው።

ግማሽ ሰከንድ የሚያመጣው እንግዳ

ይህ እንዲሆን የግድ የታመመ አንጎል ያስፈልጋል? አያስፈልግም። ለዚህም ጠረጴዛው ላይ የሚሞከር ሌላ ነገር አለ። የግራ መዳፍዎን በቀኝ ጣትዎ ጫፍ ቀለል አድርገው ይኮርኩሩ። ብዙም አይሰማዎትም። ቀጥሎ አጠገብዎ ያለው ሰው በዚያው ጉልበት ይኮርኩርዎት፤ አሁን ይነዝርዎታል። አንጎል እጃችንን ሊያንቀሳቅስ ሲያዝ «አሁን እዚህ ቦታ ላይ መነካት ይመጣል» ብሎ አስቀድሞ ይገምታል። የመጣው መነካት ከግምቱ ጋር ሲገጥም የራሱ ሥራ መሆኑን ያውቅና ስሜቱን ያደበዝዘዋል። ሣራ ጄይን ብሌክሞርና ባልደረቦቿ በ1990ዎቹ መጨረሻ ለንደን ውስጥ ሰዎች በመሣሪያ አማካይነት ራሳቸውን እንዲኮረኩሩ አድርገው ነበር። መሣሪያው ከእጃቸው እንቅስቃሴ በሰከንድ ክፋይ ዘግይቶ ሲነካቸው ኩርኮራው ጨመረ። መዘግየቱ የራስን መነካት የባዳ አስመሰለው።

ብላንከና ጁሊዮ ሮኚኒ በ2014 ሎዛን በሚገኘው የፌዴራል ቴክኖሎጂ ተቋም ይህንኑ ሐሳብ ወደ ጀርባ ወሰዱት። ጤነኛ በጎ ፈቃደኞች ዐይናቸው ተሸፍኖ ከፊታቸው ያለውን መሣሪያ በጣታቸው ወዲያ ወዲህ ያደርጋሉ፤ ከኋላቸው ያለው ሮቦት በዚያው እንቅስቃሴ ጀርባቸውን ይነካል። እንቅስቃሴውና መነካቱ አንድ ላይ ሲሆኑ የገዛ ጀርባቸውን በገዛ ጣታቸው የሚነኩ መሰላቸው። ሮቦቱ ግማሽ ሰከንድ ያህል ሲዘገይ ግን ከፊሎቹ ከኋላቸው ሰው እንዳለ ተሰማቸው። በዙሪያቸው ስንት ሰው እንዳለ እንዲገምቱ ሲጠየቁም መዘግየቱ ባለበት ጊዜ የሰጡት ቁጥር ከፍ አለ። ስሜቱ ከብዷቸው ሙከራው እንዲቆም የጠየቁም ነበሩ።

በስልክ ስናወራ የራሳችን ድምፅ ጥቂት ዘግይቶ ሲመለስብን ምላሳችን እንደሚተሳሰረው፣ አንጎልም የራሱ መልእክት ዘግይቶ ሲደርሰው ግራ ይጋባል። «እኔ አላደረግሁትም፤ እንግዲህ ሌላ ሰው አለ» ይላል። ሌላውን ሰው የሚፈጥረው ላለው ማስረጃ የሚሻለው ማብራሪያ እሱ ስለሚመስለው ነው።

አራተኛው መንገደኛ

ይህን ከያዝን የታላላቅ ተጓዦች ታሪክ ሌላ መልክ ይኖረዋል። ኧርነስት ሻክልተን፣ ፍራንክ ዎርስሊና ቶም ክሪን በግንቦት 1916 የደቡብ ጆርጂያ ደሴትን በረዷማ ተራራዎች በ36 ሰዓት ያህል አቋርጠዋል። ሦስት ነበሩ። ሻክልተን በኋላ በመጽሐፉ ላይ አራት የሆኑ ይመስለው እንደነበር ጻፈ፤ ዎርስሊም ያው ስሜት ነበረው። ፍራንክ ስማይዝ ደግሞ በ1933 ኤቨረስት ላይ ከ8,000 ሜትር በላይ ብቻውን ሲወጣ ከኋላው የሚከተለው ባልንጀራ እንዳለ ይሰማው ነበር። እንዲያውም ለመብላት ሲቆም የናና ጣዕም ያለውን የስኳር ጡብ ለሁለት ገመሰና ግማሹን ሊሰጠው ዞረ። የሚቀበለው አልነበረም።

በእነዚህ ሰዎች ላይ የተደራረበውን እንቁጠር፦ በኤቨረስት ከፍታ የኦክስጅን እጥረት፣ ብርድ፣ የእንቅልፍ እጦት፣ ረሀብ፣ ዐይን የሚይዘው ነገር የሌለው ነጭ ሜዳ፣ ብቸኝነትና የሞት ፍርሃት። እነዚህ ሁሉ፣ የሰውነት መልእክቶች በሰዓታቸውና በቦታቸው እንዳይጋጠሙ ሊያደርጉ ይችላሉ። በዚህ ላይ ሰው ብቻውን ሊሆን የማይፈልግበት ሰዓት ነው። ብዙዎቹ የተሰማቸው ባልንጀራ እንዳላስፈራቸው ይልቁንም እንዳበረታቸው ተናግረዋል።

ዱካክ

ስሜቱ የሚያስፈራበት ዋናው ቦታ አልጋ ነው። ሌሊት ይነቃሉ። በሩና መስኮቱ ይታይዎታል፤ እጅዎ ግን አይታዘዝም፤ ልጩህ ቢሉ ድምፅ አይወጣም። ደረትዎ ላይ ክብደት አለ፤ በሩ አጠገብ የሆነ ነገር ቆሟል። አገራችን ዱካክ የሚለው ይህን ነው።

ሕልም በምናይበት የእንቅልፍ ክፍል አንጎል ጡንቻዎቻችንን ይዘጋቸዋል፤ ባይዘጋቸው በሕልማችን ስንሮጥ ከአልጋ እንወድቅ ነበር። አንዳንዴ ንቃት ከጡንቻው ቀድሞ ይመጣል። ሰውየው ነቅቷል፣ ሰውነቱ ግን ገና አልተፈታም፣ ሕልሙም አላለቀም። አንጎል «ተንቀሳቀስ» ብሎ ያዛል፤ መልስ አይመጣም። ከላይ ያየነው አለመጋጠም ይኸው ነው፤ ፍርሃቱ ደግሞ «ሌላውን ሰው» ጠላት ያደርገዋል። እንቅልፍ ሲጓደል፣ የመኝታ ሰዓት ሲዘበራረቅና በጀርባ ሲተኛ ይበዛል። ጫት ያቆሙ ሰዎችም በመጀመሪያዎቹ ሌሊቶች ዱካክ እንደመጣባቸው ሲናገሩ ይሰማል፤ እንቅልፍ የሚያባርረው ካቲኖን ሲቋረጥ የታፈነው ሕልም በኃይል ይመለሳልና። ዱካክ ከሰከንዶች እስከ ጥቂት ደቂቃ ቆይቶ በራሱ ይለቃል። ጣትን ወይም የእግር ጫፍን ለማንቀሳቀስ መሞከር ብዙዎችን ይረዳል።

ከሐዘን በኋላ

ድንኳኑ ተነሥቶ፣ ዘመድ ተበትኖ፣ ቤቱ ጸጥ ሲል ባሏን የቀበረች ሴት በሩ ላይ ኮቴውን ትሰማለች፤ ወይም ከጎኗ እንደተቀመጠ ይሰማታል። ለማን ትንገር? «አበደች» እንዳትባል ትፈራለች።

ዲዊ ሪስ የተባለ የዌልስ ሐኪም በ1971 ባወጣው ጥናት ባል ወይም ሚስት የሞተባቸውን 293 ሰዎች ጠይቆ ነበር። ግማሽ ሊሞሉ ጥቂት የቀራቸው እንዲህ ያለ ነገር እንዳጋጠማቸው ነገሩት፤ ከሁሉም የበዛው ሟቹ አጠገባቸው እንዳለ የሚሰማቸው ስሜት ነው። ካጋጠማቸው መካከል ከሰባ በመቶ የሚበልጡት ከዚያ በፊት ለማንም ትንፍሽ አላሉም። ሁለት ሦስተኛ ያህሉ ደግሞ ስሜቱ እንደረዳቸው ተናገሩ።

አንጎል አብሮ የኖረን ሰው ያጠናል። ለሠላሳ ዓመት አመሻሹ ላይ በሩ ሲንኳኳ ከኖረ፣ በዚያው ሰዓት ቀድሞ ይጠብቃል። መጠበቁ በቀብር ቀን አያቆምም። ትንሽ ኮሽታ ሲገኝ የቀረውን ራሱ ይሞላዋል። ይህ የፍቅርና የልማድ ሥራ ነው፤ ከእብደት ጋር አያገናኘውም።

ልጁ ከማን ጋር ነው የሚያወራው?

የልጆች የማይታይ ጓደኛ ከዚህ ሁሉ ይለያል። እስካሁን ያየናቸው ሳይጠሯቸው የሚመጡ ናቸው፤ የልጁን ጓደኛ ግን ልጁ ራሱ ይፈጥረዋል። በኦሪገን ዩኒቨርሲቲ ብዙ ዓመት ጉዳዩን ያጠናችው ማርጆሪ ቴይለርና ባልደረቦቿ በ2004 እንዳሳተሙት፣ እስከ 7 ዓመት ዕድሜያቸው ድረስ 65 በመቶ የሚሆኑት ልጆች በሆነ ጊዜ እንዲህ ያለ ጓደኛ ነበራቸው። በቁጥሩ ውስጥ ስም፣ ጠባይና ታሪክ የተሰጣቸው አሻንጉሊቶችም አሉ። ጓደኛው ሁልጊዜ ታዛዥ አይደለም፤ ያኮርፋል፣ ይጣላል፣ አልመጣም ይላል።

ልጁ ግን አልተምታታበትም። ተመራማሪ ቁጭ ብሎ ስለ ጓደኛው አጥብቆ ሲጠይቅ አንዳንዱ ልጅ ጠያቂው እውነት መስሎት እንዳይሆን ብሎ «የውሸት እኮ ነው» ሲል ያስታውሰዋል። ጨዋታው ሥራም አለው። ልጁ ጓደኛውን ወክሎ ሲመልስ ነገሩን ከሌላ ሰው ዐይን ማየት ይለማመዳል። ሩሲያዊው የሥነ ልቦና ሊቅ ሌቭ ቪጎትስኪ እንዳስረዳው ልጅ መጀመሪያ ከሰው ጋር ያወራል፣ ከዚያ ጮክ ብሎ ለራሱ ያወራል፣ በመጨረሻ ንግግሩ ወደ ውስጥ ገብቶ ሐሳብ ይሆናል። አዋቂ በልቡ «አሁን ምን ላድርግ?» ብሎ ጠይቆ ለራሱ የሚመልሰው በዚያ መንገድ ተጉዞ ነው።

ስለዚህ ልጅዎ «ለእሱም ወንበር አምጡለት» ቢል አይቆጡት፤ በሰይጣንም አያስፈራሩት። ጓደኛው ምን እንደሚወድ ይጠይቁት። ልጆች ራሳቸው ሊናገሩት ያልቻሉትን ፍርሃት ብዙ ጊዜ በጓደኛው አፍ ይናገሩታል።

ሐኪም የሚያስፈልገው መቼ ነው?

የማይታየው አካል «ራስህን ጉዳ» ወይም «እገሌን ምታ» ብሎ የሚያዝ ከሆነ፤ ሰውየው ሊገድሉኝ ይከታተሉኛል ብሎ ከሥራና ከሰው ከተለየ፤ ትኩሳትና መቃዠት ካለ፤ አዲስ መድኃኒት ከተጀመረ በኋላ ከመጣ፤ ልጁ ጓደኛውን እየፈራ እንቅልፍና ጨዋታ ካጣ ሳይዘገዩ ሐኪም ያማክሩ። በዕድሜ የገፉ ወላጅዎ «ከጎኔ ሰው አለ» ማለት ከጀመሩና የእጅ መንቀጥቀጥ፣ የእርምጃ መዘግየት ወይም የመርሳት ምልክት ካለም እንዲሁ፤ ስሜቱ ከፓርኪንሰን በሽታና ከአንዳንድ የመርሳት በሽታዎች ጋር አብሮ ይመጣል። ጠበል የሚጠመቅ ሰው ጠበሉን መተው የለበትም፤ የታዘዘለትንም መድኃኒት አያቋርጥ። ሁለቱ አብረው ይሄዳሉ።

ከዚህ ውጭ ያለው ግን አብዛኛውን ጊዜ ሰሚ ብቻ ነው የሚፈልገው። ቤትዎ ውስጥ አንድ ሰው ደፍሮ ቢነግርዎት አራት ነገር ይጠይቁት፦ መቼ ነው የሚመጣው? እንቅልፍህ እንዴት ነው? ያስፈራሃል ወይስ ያጽናናሃል? የሚያዝህ ነገር አለ? መልሱ ሐኪም ያስፈልግ እንደሆነ ለማወቅ ይረዳል፤ ጥያቄው ደግሞ የነገረዎት ሰው ዳግመኛ ብቻውን እንዳይሸከመው ያደርጋል።