በካሚዮን ጎን የሚዘረጋ የሸራ ጥላ በእምድብር ገበያ

ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በጅማ መንገድ 155 ኪሎ ሜትር ያህል ከተጓዘ በኋላ ወልቂጤ ላይ ወደ እምድብር የሚታጠፍ የጭነት መኪና ጨርቃ ጨርቅ፣ ሳሙና፣ ስኳር፣ ጫማና የፕላስቲክ ዕቃ ይዞ ይወርዳል፤ ሲመለስም ቆጮ፣ ቅቤ፣ በርበሬና የባሕር ዛፍ አጣና ጭኖ ይወጣል። የጉራጌ ተወላጆች በ1950ዎቹ ዓ.ም. ገንዘባቸውን አዋጥተው የመንገድ ሥራ ድርጅት ካቋቋሙ ወዲህ ካሚዮን ለአገሩ ገበያ እንግዳ አይደለም። ዳሩ ግን ነጋዴው ስለ ነዳጅና ስለ ጎማ አጥብቆ ሲያስብ፣ መኪናው ገበያ ደርሶ ከቆመ በኋላ ዕቃው በፀሐይ ላይ ስለሚውልበት ጊዜ እምብዛም አይጨነቅም።

ጉዳቱ ግን ቀላል አይደለም። ቅቤ በፀሐይ ይቀልጣል፤ ቆጮ ይደርቃል፣ ሲደርቅም ከሚዛኑ ይጎድላል፤ ባለቀለም ጨርቅ ከላይ ያለው እጥፉ ነጥቶ ከውስጡ ጋር አልመሳሰል ይላል። እምድብር 2,000 ሜትር ግድም ከፍታ ያለው ደጋ በመሆኑ አየሩ ቢቀዘቅዝም የፀሐዩ ጨረር ብርቱ ነው፤ ቀለምን የሚያነጣው የማይታየው ጨረር ከፍታው 1,000 ሜትር በጨመረ ቁጥር ከመቶ 10 ያህል እንደሚጨምር በሳይንስ የታወቀ ነው። ከዚህም በቀር ቀትር ላይ ፀሐይ አናቱን የመታው ገበያተኛ ዋጋ ለመከራከር እንኳ ትዕግሥት የለውም፤ ጥላ ወዳለበት ይሄዳል።

መፍትሔው ከካሚዮኑ ጎን የሚዘረጋ ሸራ ነው። የሸራው አንድ ጠርዝ ከስፖንዳው በላይ በተበየደ ብረት ላይ ይታሰራል፤ ሌላው ጠርዝ በሁለት ቋሚዎች ላይ ያርፍና በገመድና በካስማ ይወጠራል። ሥራው ለማንኛውም ብረት በያጅና ሸራ ሰፊ የሚከብድ አይደለም።

ከሁሉ በላይ ጥንቃቄ የሚያሻው የዝናቡ ነገር ነው። በአንድ ካሬ ሜትር ላይ አንድ ሚሊ ሜትር ዝናብ ቢዘንብ አንድ ሊትር፣ ማለትም አንድ ኪሎ ውሃ ነው። ስለዚህ 3 በ4 ሜትር የሆነ ሸራ ረግቦ ሆድ ካወጣና የ10 ሚሊ ሜትር ዝናብ ከተቀበለ 120 ኪሎ ውሃ ሊሸከም ነው። ቀጭን ቋሚ ይህን አይችልም፤ ሲወድቅም የሚወድቀው በዕቃው ላይ ብቻ ሳይሆን ከሥሩ በተጠለለው ሰው ላይ ነው። እንግዲህ የውጭው ጠርዝ ከውስጠኛው ቢያንስ ግማሽ ሜትር ዝቅ ማለት ይገባዋል፤ ሸራውም እንደ ከበሮ መወጠር አለበት። ነፋስ በበረታ ጊዜ ደግሞ መጠቅለል እንጂ ገመድ መጨመር አይበቃም።

መኪናው የሚቆምበት አቅጣጫም ቁም ነገር አለው። እምድብር ከምድር ወገብ በስተሰሜን 8 ዲግሪ ገደማ ላይ ስለምትገኝ፣ በሚያዝያ መጀመሪያና በነሐሴ መጨረሻ የቀትር ፀሐይ በቀጥታ ከአናት በላይ ይሆናል። በታኅሣሥ ግን ፀሐይ ወደ ደቡብ ያዘነብላል፤ ያን ጊዜ 2 ሜትር ተኩል ከፍ ብሎ የተዘረጋ ሸራ ጥላው በቀትር አንድ ሜትር ተኩል ያህል ወደ ሰሜን ይሸሻል። ስለዚህ በበጋ መኪናውን ፊቱን ወደ ምሥራቅ ወይም ወደ ምዕራብ አቁሞ ሸራውን በሰሜን ጎኑ የሚዘረጋ ነጋዴ፣ የመኪናውን የራሱን ጥላ ጨምሮ ያገኛል። በደቡብ ጎን የዘረጋው ግን የውጭውን ረድፍ ዕቃ ለፀሐይ ሰጥቶ ይውላል።

ስለ ጨርቁ ምርጫ፦ የጥጥ ሸራ ሲርስ ክሩ አብጦ ውሃ ይከለክላል፤ ነገር ግን እርጥብ እንደ ሆነ ከተጠቀለለ ሻግቶ ይበሰብሳል። በገበያ የሚበዛው ሰማያዊው የፕላስቲክ ሸራ ርካሽና ቀላል ነው፤ ሆኖም ፀሐይ ቶሎ ይሰነጣጥቀዋል። ይልቁንም ለጨርቅ ነጋዴ ከባድ ጉድለት አለው፤ ከሥሩ የተዘረጋው ዕቃ ሁሉ ሰማያዊ ይመስላል፣ ገዢዋም የቀሚሱን እውነተኛ ቀለም ለማየት ወደ ፀሐይ ይዛው ትወጣለች። ነጣ ያለ ወይም የአሸዋ መልክ ያለው፣ በፕላስቲክ የተለበጠ ወፍራም ሸራ ዋጋው ቢበዛም የሚመረጠው እርሱ ነው።

ለአስመጪዎች አንድ ነገር እንጠቁም። በአውሮፓና በአሜሪካ መኖሪያ በተሠራባቸው የጉዞ መኪናዎች ጎን ላይ በእጅ መዘውር እየተጠቀለለ የሚገባ ጥላ ይገጠማል፤ በ1945 እ.ኤ.አ. የተቋቋመው የኢጣልያው ፊያማ በዚህ ሥራ የታወቀ ነው። ዕቃው ያማረ ነው፤ ዳሩ ግን ለሽርሽር የተሠራ ስስ አሉሚኒየም እንጂ በየገበያው ለሚገፋና ለሚጎተት አይሆንም። ጥሩውን ጨርቅ አስመጥቶ ብረቱን በአገር ውስጥ ማሠራት ይሻላል። በዓለም አቀፉ የጉምሩክ አመዳደብ ተሰፍቶ ያለቀ ሸራ፣ የጥላ ሸራና ድንኳን በአንድ አንቀጽ በ63.06 ሥር ይገኛሉ፤ ከሰው ሠራሽ ክር የተሠራ ሸራና የጥላ ሸራ 6306.12፣ ከሌላ ክር የሆነው 6306.19 ነው። ያልተሰፋ ጥቅል ጨርቅ ግን በሌላ ክፍል ስለሚመደብ፣ ትእዛዝ ከመላኩ በፊት ሁለቱን ማመዛዘን ያስፈልጋል።

የእምድብር ገበያ የሚደምቀው በመስከረም፣ በየከተማው የሚነግደው ተወላጅ ለመስቀል ወደ አገሩ በሚገባበት ሰሞን ነው። ወቅቱም ክረምቱ ገና ጨርሶ ያልወጣበት፣ በአንድ ቀን ፀሐይና ዝናብ የሚፈራረቁበት ነው። ለዚያ ገበያ የታሰበ ሸራ በሐምሌ ተሰፍቶ፣ በነሐሴ ዝናብ ተፈትኖ፣ ስፌቱ የሚያፈስበት ቦታ ታውቆ መጠገን ይኖርበታል።