የቴኳንዶ ተማሪ ሆድና ጥም፤ ተረቱና እውነታው

ባለፈው ጥቅምት አመሻሽ ላይ፣ በአንድ የአዲስ አበባ ሠፈር የቴኳንዶ ሥልጠና ለማየት ተቀምጬ ሳለሁ፣ 15 ዓመት የማይሞላው ልጅ ከፍልሚያው መካከል ወጥቶ፣ ፊቱ አመድ መስሎና ከንፈሩ ደርቆ፣ ከግድግዳው ሥር ቁጢጥ አለ። አሠልጣኙ ጎንበስ ብሎ «ምን በልተህ ነው የመጣኸው?» ቢለው፣ «ምንም አልበላሁም ማስተር፤ ሆድ ሲቀል እግር ይፈጥናል ብለውኝ ነው» ሲል መለሰ። የውሃ ኮዳውም እንደ ሞላ ከአጠገቡ ነበር፤ ላብ ላይ ውሃ መጠጣት ሳንባ ይመታል የሚለውን ከታላላቆቹ ሰምቷልና።

ባዶ ሆድ ያቀላጥፋል የሚለው እምነት ሥር የሰደደው ከፊሉ እውነት ስለ ሆነ ነው፤ ምሳውን እንደ በላ ለፍልሚያ የቆመ ሰው እንደሚያቅለሸልሸው ማንም ያውቃል። ነገር ግን የሞላ ጨጓራና የተመገበ ሰውነት አንድ አይደሉም። ምግብ ከጨጓራ እስኪወጣ ከ2 እስከ 4 ሰዓት ይፈጃል፤ ቅባት የበዛበት ጥብስ ሲሆን ደግሞ ከዚህም ይዘገያል፤ ከእንጀራና ከገብስ የሚገኘው ኃይል ግን በጡንቻና በጉበት ተከማችቶ ይቆያል። በጉበት ያለው፣ መጠኑ 100 ግራም የሚያህለውና ለአንጎል ሲሳይ የሚሆነው፣ ሌሊቱን ብዙው ተሟጥጦ ስለሚያድር፣ ቁርስም ምሳም ሳይቀምስ ወደ ፍልሚያ የገባ ልጅ ጡንቻው ሳይደክም ራሱ ቢዞር አያስደንቅም። እንግዲህ ሙሉው ማዕድ 3 ሰዓት ያህል ይቅደም፤ ጊዜ ያጠረው ግን አባቶቻችን ለመንገድ ስንቅ ያደረጉትን በሶ፣ በውሃና በጥቂት ስኳር በጥብጦ፣ 1 ሰዓት ሲቀረው ቢጠጣ ይበቃዋል። ጥሬ እንቁላል መዋጥም ጉልበት አይጨምርም፤ ሰውነት ከጥሬው ፕሮቲን ግማሹን ያህል፣ ከበሰለው ግን ከ10 እጅ 9ኙን ይጠቀምበታል።

የውሃው ተረት ከሁሉ ይከፋል። በጃፓን እንኳ፣ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ለብዙ ዓመታት፣ በሥልጠና ሰዓት ውሃ መጠጣት እንደ ስንፍና ይቆጠር ነበር። የተጠጣ ውሃ ወደ ሳንባ ሳይሆን ወደ ጨጓራ ይወርዳል፤ ቀዝቀዝ ያለውም የጋለውን ሰውነት ያበርዳል። 60 ኪሎ የሚመዝን ሰው ከሥልጠናው ከ2 እስከ 4 ሰዓት ቀድሞ ከ300 እስከ 600 ሚሊ ሊትር ቢጠጣ፣ በመካከልም ጥቂት ጥቂት ቢጎነጭ መልካም ነው፤ በአንድ ጊዜ አለቅጥ መጋት ግን የደሙን ጨው ያቀጥናልና አይገባም። በላብ የወረደ ክብደት ስብ አይደለም፤ ውሃ ሲጠጡ ይመለሳል። እ.ኤ.አ. በ1997 በአሜሪካ 3 የኮሌጅ የትግል ተወዳዳሪዎች፣ ክብደት ለመቀነስ ሲሉ ላብ የማያሳልፍ ልብስ ለብሰው በሙቀት ሲለማመዱ፣ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ተከታትለው ሞተዋል።

የጾመኛውን ነገር አብዝቼ አስቤበታለሁ። ጾም ፈቃደ ሥጋን ለፈቃደ ነፍስ የሚያስገዛ ቅዱስ ሥርዓት ነው፤ በማይጾምበት ቀን ልጅን ውሃ መከልከል ግን ተጋድሎ አይባልም፣ ጉዳት እንጂ። ረቡዕና ዓርብ እስከ 9 ሰዓት የሚጾም ተማሪ፣ ሥልጠናው በ12 ሰዓት ከሆነ፣ ሽሮውን በልቶ ውሃውንም ጠጥቶ 3 ሰዓት ሙሉ ይተርፈዋል። ሥልጠናው በጧት ከሆነ ግን፣ እናንተ አሠልጣኞች፣ በዚያ ቀን ፍልሚያውን አቆዩለትና ቀላሉን ልምምድ ስጡት።