የኤሌክትሪክ አውቶሞቢል አካል፣ ግጭትና ጥገና፦ ስለ ጥቂት ስያሜዎች

በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ ኢትዮጵያ እንዳይገቡ ከተከለከለ ወዲህ፥ በኤሌክትሪክ የሚነዳው አውቶሞቢል የመዝገበ ቃላት አዘጋጅ በቸልታ ሊያልፈው የማይችለው ጉዳይ ሆኗል። ከሚገቡት ብዙዎቹ በቻይና የተሠሩ ናቸው፤ መመሪያቸው በእንግሊዝኛ በኩል ዞሮ ወደ አማርኛ ሲመለስም ቃሉ በየማለፊያው ጥቂት ጥቂት ይሸራረፋል። ይህን ትርጉም የሚያነበው ሰው ደግሞ ቃል ለማድነቅ የሚያነብ አይደለም፤ መፍቻ የያዘ መካኒክ፣ ከተጋጨ መኪና ሰው ለማውጣት የተላከ የእሳት አደጋ ሠራተኛ፣ ጉዳት የሚገምት የኢንሹራንስ ባለሙያ ነው። በዚህ ጽሑፍ የምንመረምራቸው ስያሜዎች የተመረጡት በብርቅነታቸው ሳይሆን፥ ቢሳሳቱ ሰው ወይም ንብረት የሚጠፋባቸው በመሆናቸው ነው።

የአማርኛ የጋራዥ ቋንቋ ብዙውን ቃል ያገኘው ከኢጣልያንኛ ነው። ጎማ፣ ኮፈን፣ ፓራፋንጎ፣ ቸርኬ፣ ባሌስትራ፣ ፍሪሲዮን የሚሉት ማንም ሳያውጃቸው ገብተው፥ ከአማርኛ ድምፅ ጋር ተስማምተው ኖረዋል። ልብ ሊባል የሚገባው ግን እነዚህ ሁሉ ተፈትቶ የሚነሣ፣ በእጅ የሚያዝ ክፍል ስሞች መሆናቸው ነው። የሙያው ስም ራሱ ይህንኑ ይመሰክራል፤ ባትላሜ በመነሻው «ላሜራ መቺ» ማለት ነውና። የተጎዳ ላሜራ ይመታል፣ ይቀናል፣ ስቱኮ ይደረግበታል፣ ይቀባል። የኤሌክትሪክ አውቶሞቢል ከእነዚህ ቃላት አንዳንዶቹን ባዶ አስቀርቷቸዋል፤ ለምሳሌ ፍሪሲዮን የሚባል ነገር የለውም። ከዚህ የሚበልጠው ለውጥ ግን መኪናው ተፈታትቶ የሚቆጠር የክፍሎች ስብስብ መሆኑ እየቀረ መሄዱ ነው።

ከሻንሲ እንነሣ። ቃሉ በእኛ ዘንድ ሁለት ነገር ይባልበታል፤ አንደኛው በሊብሬ ላይ የሚጻፈው መለያ ቁጥር ነው፤ ሁለተኛው በጭነት መኪና ሥር ያሉት ሁለት ረዣዥም ብረቶች ከነአግዳሚዎቻቸው ናቸው። በዚህ በሁለተኛው ፍቺ ከተወሰደ፥ የቤት አውቶሞቢል ሻንሲ ካጣ ቆይቷል። የኢጣልያው ላንቺያ ፋብሪካ ላምብዳ የተባለውን ሞዴል እ.ኤ.አ. በ1922 ካሳየ በኋላ፥ አካሉ ራሱ ሸክሙን የሚችልበት አሠራር ቀስ በቀስ ተስፋፍቶ የተለመደ ሆኗል። ይህን «ወጥ አካል» ብሎ የሚተረጉም አለ። ስያሜው ጆሮ ይስባል፤ የላሊበላን አብያተ ክርስቲያናት ከወጥ ድንጋይ የተፈለፈሉ ነው የምንላቸውና። ዳሩ ግን እውነቱን አይገልጽም። ይህ አካል ብዙ ተጨፍልቀው የተቀረጹ ላሜራዎች በነጥብ ብየዳ ተያይዘው የቆሙበት እንጂ አንድ ወጥ ነገር አይደለም። «ተሸካሚ አካል» ማለት ይሻላል፤ ዋናው ቁም ነገር መሸከሙ ነውና።

ወጥ የሚለውን ቃል ለሌላ ነገር ማቆየት ያስፈልጋል። ቴስላ እ.ኤ.አ. ከ2020 ጀምሮ ሞዴል ዋይ በተባለው አውቶሞቢሉ፥ ቀድሞ 70 ያህል ክፍሎች ተያይዘው ይሠሩት የነበረውን የኋላ ወለል፥ አሉሚኒየም አቅልጦ በከፍተኛ ግፊት ወደ ቅርጽ ማውጫ በማስገባት መሥራት ያዘ፤ በመጀመሪያ በሁለት፣ ቀጥሎም በአንድ አካል። ሌሎች ፋብሪካዎችም ተከትለውታል። ወጥ መባል የሚገባው ይህ ነው። ለውጤቱ ግን ስም ያስፈልገዋል። በግእዝ ሰበከ የሚለው ግሥ ብረት አቅልጦ ማፍሰስንም ስለሚገልጽ፥ ከዚያ ስም ለማውጣት የሚቃጣው ሰው አይጠፋም፤ የዛሬ አንባቢ ግን ከዚህ ግሥ የሚሰማው ስብከትን ብቻ ነው። ከቆረጠ ቁራጭ፣ ከፈለጠ ፍላጭ እንደወጣ ሁሉ ከቀለጠ «ቅላጭ» ብንል፥ ቅርጹ የታወቀ፣ ትርጉሙም የሚገመት ይሆናል። ቀለጠ ተሻጋሪ ግሥ አይደለም ብሎ የሚከራከር ቢኖር፥ ከደቀቀም ድቃቂ መውጣቱን እናስታውሰዋለን።

ለተሸካሚው አካል ክፍሎች ባዕድ ቃል መፈለግ አያሻም፤ የገጠር ቤት የሚሠራ ሰው ቃላቱን ይዞልናል። በበሮቹ መካከል የቆመው «ምሰሶ»፣ ከግራ ወደ ቀኝ ወለሉን የሚያስተሳስረው «ማገር»፣ በሩ የሚገጥምበት «መቃን»፣ ከበሩ ግርጌ በመኪናው ርዝመት የሚሄደው «ደፍ» ነው። ከሁሉም ደፍ በተለይ ይጠቅመናል። ባትሪው በወለሉ ሥር ተንጣሎ ስለሚተኛ፥ መኪናው በጎኑ ከዛፍ ወይም ከመብራት እንጨት ጋር ቢጋጭ በምቱና በባትሪው መካከል የሚቆመው ደፉ ነው። ዩሮ ኤንካፕ የተባለው የአውሮፓ የመኪና ምዘና ድርጅት በሚያካሂደው የጎን ፈተና፥ መኪናው በሰዓት 32 ኪሎ ሜትር ፍጥነት 25 ሳንቲ ሜትር ያህል ውፍረት ካለው የብረት ምሰሶ ጋር ይጋጫል። በፊት በኩል ጉልበቱን ለማብረድ ሰፊ ቦታ ሲኖር፥ በጎን በኩል ያለው ጥቂት ሳንቲ ሜትር ብቻ ነው። ስለዚህም ደፉ ውስጡ በብዙ ክፍልፋይ በተሞላ አሉሚኒየም ወይም እጅግ ጠንካራ በሆነ ብረት ይሠራል። ይህን ክፍል «የጎን ሽፋን» ብሎ የተረጎመ ሰው፥ ጠጋኙ እንደ ጌጥ ቈጥሮ ስቱኮ ሞልቶ እንዲያልፈው ፈቃድ ሰጥቶታል ማለት ነው።

በፊትና በኋላ ያለውን፣ በግጭት ጊዜ እንዲደቅ ታስቦ የሚሠራውን ክፍል «ተጣጣፊ ክፍል» ሲሉት ሰምተናል። ተጣጣፊ ግን እንደ ተጣጣፊ ወንበር ታጥፎ የሚመለስ ነው፤ ይህኛው አይመለስም። ሕዝቡ የተጋጨ መኪና ሲያይ የሚናገረው «ተጨራመተ» ብሎ ስለሆነ፥ «ተጨራማች ክፍል» ማለቱ ያለ ጥርጥር ይበልጣል። አሳቡን ለፍሬ ያበቃው ቤላ ባሬኒ የተባለው የመርሴዲስ መሐንዲስ ሲሆን፥ በሽያጭ መኪና ላይ የታየውም እ.ኤ.አ. በ1959 ነበር። የአሳቡ እንግዳነት መኪናው ጠንካራ የሚሆነው ሁለንተናው ጠንካራ በመሆኑ አለመሆኑ ነው፤ ሰው የሚቀመጥበት እንዳይጨራመት ሌላው መጨራመት አለበት። የኤሌክትሪክ አውቶሞቢል በዚህ ረገድ አንድ ጥቅምና አንድ ዕዳ አለው። ከፊቱ ትልቁ የብረት ሞተር ስለተነሣ ተጨራማቹ ክፍል በነጻነት ሊደቅ ይችላል፤ ነገር ግን ባትሪው ብቻውን በመካከለኛ መኪና ከ300 እስከ 500 ኪሎ ግራም ስለሚመዝን፥ መብረድ ያለበት ጉልበት በዚያው መጠን ያድጋል፤ ቀላል መኪና የገጠመው እንደሆነም ዕዳው ወደዚያ ይተላለፋል።

እዚህ ላይ ስለ «የግጭት ደኅንነት» አንድ ቃል እንናገር። በእንግሊዝኛ ሁለት ስሞች ተከታትለው ሲቆሙ፥ ተርጓሚው «የ» ጨምሮ ያልፋል። የአማርኛው ዘርፍ ግን ባለቤትነትን ስለሚያስቀድም፥ ደኅንነቱ የግጭቱ ሆኖ ይቀራል። «ከግጭት መጠበቅ» ቢባልም አይበጅም፤ ግጭቱ እንዳይደርስ መከላከልንና ግጭቱ ደርሶ ሰው እንዳይጎዳ ማድረግን ሳይለይ ይይዛልና፤ ፍሬን የመጀመሪያው፣ ደፍና ተጨራማች ክፍል የሁለተኛው መሣሪያዎች ናቸው። ረጅም ቢሆንም «በግጭት ጊዜ የተሳፋሪ ደኅንነት» የሚለውን እንመርጣለን። ለአንዳንድ ነገር ሁለት ቃል አይበቃም።

ወደ ባትሪው እንምጣ። በአማርኛ ባትሪ የእጅ መብራቱ ሲሆን፥ በውስጡ የሚገባው «ባትሪ ድንጋይ» ነው። ሕዝቡ አሃዱንና ሙሉውን በሁለት ስም ለይቶ እንደነበር ይህ ያስረዳል። በአውቶሞቢሉ ባትሪ ውስጥ ደግሞ ሦስት ደረጃ አለ። ትንሹን «ሴል» ብለን መተዉ ይሻላል፤ ሕዋስ ለሥነ ሕይወት ተይዟል። ብዙ ሴሎች በአንድ ታስረው የሚሠሩትን ክፍል «ዘለላ»፣ ዘለላዎቹ የሚቀመጡበትንና በወለሉ ሥር የሚታሰረውን ሙሉ ሣጥን «የባትሪ ቋት» እንበለው። ዘለላ የወይን ብቻ ነው የሚል ቢኖር፥ ፍሬው ከፍሬው ጋር በአንድ ግንድ መያያዙን ይመልከት። ልዩነቱ በቃል ብቻ የሚቀር አይደለም። ዘለላ ባለበት ቋት አንዱ ሴል ቢበላሽ ዘለላው ብቻ ተነሥቶ ሊተካ ይችላል። የቻይናው ካትል ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2019 ሴሎቹን ያለ ዘለላ በቀጥታ በቋቱ ውስጥ የሚደረድር አሠራር አቀረበ፤ ቢዋይዲ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2022 ሲል በተባለው ሞዴሉ የቋቱን ክዳን የመኪናው ወለል አደረገው። በእነዚህ «ዘለላ አልባ» ቋቶች ሴሎቹ አብዛኛውን ጊዜ በማጣበቂያ ስለሚያያዙ፥ አንዱን ነጥሎ መለወጥ እጅግ አስቸጋሪ ይሆናል። ቋቱ የመኪናውን ሸክም ሲጋራም «ተሸካሚ ባትሪ» ልንለው እንችላለን፤ ከተሸካሚ አካል ጋር ዝምድናው እንዲታወቅ ነው። «መዋቅራዊ ባትሪ» የሚለው የተለመደ ትርጉም ስሕተት ባይሆንም፥ ለጠጋኙ የሚነግረው ነገር የለም።

አደገኛው ስሕተት ያለው ግን በአንድ ተራ ግሥ ላይ ነው። የእነዚህ መኪናዎች ቋት በብዛት 400፣ አንዳንዴም 800 ቮልት ገደማ አለው፤ ብርቱካናማ የተቀቡት ገመዶች የሚያመለክቱትም ይህንኑ ነው። በከባድ ግጭት ጊዜ መኪናው ራሱ የቋቱን መገናኛ ይቆርጣል። የተባበሩት መንግሥታት የተሽከርካሪ ደንቦች ከግጭት ፈተና በኋላ ሰው ሊነካው በሚችለው መሥመር ላይ ያለው ግፊት በቀጥተኛ ኮረንቲ ከ60 ቮልት፣ በተለዋዋጭ ኮረንቲ ከ30 ቮልት እንዳይበልጥ ከሚፈቅዷቸው የመከላከያ መንገዶች አንዱ ያደርጉታል። ይህን ቆራጭ የሚመለከት መመሪያ «የባትሪውን ኃይል አጥፋ» ተብሎ ሲተረጎም፥ አንባቢው ኃይሉ የጠፋ፣ ባትሪውም ባዶ የሆነ ይመስለዋል። አልጠፋም። ገመዱ ተለይቷል እንጂ በቋቱ ውስጥ ያለው ኃይል እንዳለ ነው፤ ቋቱን በመጋዝ የሚነካ ሰው ያገኘዋል። «ቋቱን ከመሥመሩ ነጥል» ማለት ይገባል። መነጠልም ኮረንቲ በማያሳልፍ ነገር ከመሸፈን መለየት አለበት፤ በእንግሊዝኛ የሁለቱ ስሞች ስለሚመሳሰሉ ይቀላቀላሉ፤ በአማርኛ ግን «መነጠል» እና «መለበጥ» ብንል የሚያምታታ ነገር የለም።

የተጎዳ ሴል ራሱን እያጋለ፣ የጋለውም ይበልጥ እያጋለው ከቁጥጥር የሚወጣበትን ሁኔታ ቃል በቃል «የሙቀት ሽሽት» ብለው የተረጎሙ አሉ። ሙቀት ከሸሸማ ቀዘቀዘ ማለት ነው! ከዚህ የባሰ ተገላቢጦሽ ትርጉም ማግኘት ያስቸግራል። «ሰደድ ሙቀት» የሚለው አሳብ ለጊዜው አስደስቶን ነበር፤ ሰደድ እሳት የሚለውን ያስታውሳልና። ነገር ግን ሰደድ የሚያመለክተው መዛመትን ነው፤ ይኸውም ግለቱ ከሴል ወደ ሴል የሚሄድበትን ሁለተኛውን ደረጃ። ስለሆነም የመጀመሪያውን «ራስ አባባሽ ግለት»፣ ሁለተኛውን «ሰደድ ግለት» ብለን እንለያለን። መለየቱ በሕግም ያስፈልጋል። ጂቢ 38031 የተባለው የቻይና ደረጃ እ.ኤ.አ. በ2020 የጠየቀው ግለቱ ለተሳፋሪው አደጋ ከመሆኑ 5 ደቂቃ በፊት ማስጠንቀቂያ እንዲሰጥ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2025 የወጣው ግን ጨርሶ እሳትና ፍንዳታ እንዳይከተል ይጠይቃል። አንዱ ሴል መጋሉ ሳይሆን ግለቱ መዛመቱ እንዲገታ የሚጠይቅን ሕግ፥ ሁለቱን በአንድ ቃል የሚጠራ ትርጉም ሊያስረዳው አይችልም።

በመጨረሻ ወደ ጥገና። አማርኛ «የማይጠገን» ሲል ሦስት ነገር በአንድ ቅርጽ ይናገራል፤ የማይቻል፣ የማይፈቀድ፣ የማያዋጣ። በአሮጌው መኪና ሦስቱ ብዙም አይራራቁም ነበር፤ በአዲሱ ግን ተለያይተዋል። ምሰሶው ብዙውን ጊዜ የሚሠራው ወደ 900 ዲግሪ ግሎ በቅርጽ ማውጫው ውስጥ በድንገት ከቀዘቀዘ ብረት ሲሆን፥ ጥንካሬው 1500 ሜጋፓስካል ገደማ ይደርሳል። ይህን ብረት በነበልባል አግሎ ማቅናት ይቻላል፤ ባትላሜው ያቀናዋል፤ ሲቀባም እንደ ቀድሞው ያምራል። ነገር ግን ያገኘውን ጥንካሬ በዚያው ግለት አጥቷል፤ በሚቀጥለው ግጭት እንደ ተራ ላሜራ ይታጠፋል። ስለዚህ መመሪያው የሚለው «ማቅናት ክልክል ነው» እንጂ «አይቃናም» አይደለም። «አይቃናም» የተባለ ባለሙያ ቀንቶ ሲያሳየን፥ መመሪያውን ውሸታም፣ ራሱን አዋቂ ማድረጉ የማይቀር ነው። የወጥ ቅላጩ ነገር ደግሞ ሌላ ነው፤ ቢመታ ይሰነጠቃል እንጂ አይመለስም፤ አምራቹ ቈርጦ መቀጠል የፈቀደበት ቦታ ከሌለ በሙሉ ይለወጣል። እዚህ ላይ «አይቃናም» ልክ ነው።

ለባሕርዩ ስም «ተጠጋኝነት» የሚል ቀርቧል። ተጠጋኝ ብቻውን ሲጻፍ «ቀረበኝ» ከሚለው ግሥ ጋር አንድ ስለሚሆን በዐረፍተ ነገር ውስጥ ፈገግ ያሰኛል፤ «ነት» ሲጨመርበት ግን ግሥነቱ ይቀራልና ልንቀበለው እንችላለን። ለኢንሹራንስ ውል ግን ይህም አይበቃም። ቋቱ ተጭሮ፣ ሴሎቹ ተመርምረው ጤነኛ ሆነው ቢገኙ፥ ሣጥኑ ለብቻው የማይሸጥ ከሆነ የጥገናው ዋጋ የመኪናውን ዋጋ ሊጠጋ ይችላል። ይህን «ሙሉ ውድመት» ማለት ቆሞ የሚታየውን መኪና ወድሟል ማለት ነው፤ ባለ ንብረቱም አያምንም፤ አለማመኑም ትክክል ነው። «ጥገና የማያዋጣው» ቢባል ግን ጥያቄው ወደ ገንዘብ ይመለሳል፤ ባለ ንብረቱም በማን ስሌት እንደማያዋጣ ለመጠየቅ ቃል ያገኛል።