ከፓሪስ ሳሎን እስከ ናይሮቢ፦ ጋባዡ ማን ነበር?

ሳሎን ሲባል ለብዙዎቻችን የሚታየን ሶፋና ጠረጴዛ የተደረደረበት የእንግዳ መቀበያ ክፍል ነው። በታሪክ መጻሕፍት ግን ቃሉ ከዚህ ሰፋ ያለ ትርጉም አለው፤ ይኸውም በ18ኛው ክፍለ ዘመን በአውሮፓ ከተሞች ደራስያንና ፈላስፎች በአንድ ቤት እየተሰበሰቡ ያደርጉት የነበረው ውይይት ነው። ለምሳሌ ያህል በፓሪስ ከተማ ማዳም ዦፍራን የተባለች እመቤት ሰኞ ሰኞ ሠዓልያንን፣ ረቡዕ ረቡዕ ደግሞ የሥነ ጽሑፍ ሰዎችን በቤቷ እየጋበዘች ታወያይ ነበር። የመጀመሪያው ጥራዝ በ1751 የወጣው (ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) ታላቁ የፈረንሳይ ኢንሳይክሎፒዲያም ከገንዘቧ ተካፍሏል። ይሁን እንጂ ጨዋታው ወደ ሃይማኖት ክርክር ወይም ወደ ቤተ መንግሥት ጉዳይ ያዘነበለ እንደሆነ በጨዋ ደንብ ታስቆመው ነበር። በእኛ የጽዋ ማኅበር ደጋሹ በየተራ ይለዋወጣል፤ በዦፍራን ቤት ግን ጋባዧ ምንጊዜም አንድ ስለነበረች የጨዋታውን ልክ የምትወስነውም እርሷው ነበረች።

ቤቱ የማን ነው? ድግሱስ ከማን ኪስ ወጣ? ይህ ጥያቄ ከፓሪስ ርቃ በምትገኘው በኬንያ ዋና ከተማ በናይሮቢም ተነሥቷል።

በቅኝ ግዛት ዘመን በናይሮቢ የንባብ ቦታ እንኳ በቀለም የተከፈለ ነበር። በ1931 የተከፈተው የማክሚላን መታሰቢያ ቤተ መጻሕፍት እስከ 1958 ድረስ ከነጮች በቀር ሌላ አያስገባም ነበር። ስለዚህ በ1963 ነጻነት ሲመጣ አፍሪካውያን ጸሐፊዎች የራሳቸውን መገናኛ ቤት መሻታቸው አያስደንቅም። በዚያው ዓመት ኢዚኪየል ምፋሌሌ የተባለ ደቡብ አፍሪካዊ ደራሲ «ቼምቼሚ» የተሰኘውን የባህል ማእከል አቋቋመ፤ ቃሉ በስዋሂሊ «ምንጭ» ማለት ነው። ምፋሌሌ በሙያው መምህር ሲሆን፣ የአፓርታይድ መንግሥት ለጥቁሮች ያቀደውን ዝቅተኛ ትምህርት በመቃወሙ በ1952 ከማስተማር ታግዶ፣ በ1957 አገሩን ለቆ የወጣ ሰው ነው። በናይሮቢ ጀማሪ ጸሐፊዎችንና ተዋንያንን ከመሰብሰቡም በላይ፣ ትምህርት ቤቶች ሲጋብዙት ወደ ሩቅ አውራጃዎች ድረስ እየተጓዘ ተማሪዎችን የድርሰት አጻጻፍ ያለማምድ ነበር። በእኔ አስተያየት ከማእከሉ ሥራ ሁሉ የሚበልጠው ይህ ነው፤ ሳሎኑ ራሱ ተነሥቶ ወደ መማሪያ ክፍል ሄዷልና።

ገንዘቡ የሚመጣው ግን ዋና ጽሕፈት ቤቱ በፓሪስ ከነበረው ከ«ባህላዊ ነጻነት ኮንግረስ» ነበር። ይህ ድርጅት በስውር ከአሜሪካ የስለላ ድርጅት ከሲ.አይ.ኤ. ገንዘብ ይቀበል እንደነበር በ1966 እና በ1967 በይፋ ተጋለጠ። ምፋሌሌ በበኩሉ መታለላቸውን ሳይክድ፣ ገንዘቡ ከሌላ ቢመጣ ኖሮ የማይሠሩትን ሥራ እንዳልሠሩ ጽፏል። ሊታመን የሚችል መልስ ነው። ቢሆንም የዦፍራን እንግዶች የጋባዣቸውን ፊት ያውቁት ነበር፤ የቼምቼሚ ታዳሚዎች ግን አላዩትም።

ከዚያ በኋላ በናይሮቢ ሌሎችም ተነሥተዋል። ሠዓሊው ኤሊሞ ንጃው፣ ባለቤቱ ደራሲዋ ርብቃ ንጃውና ጓደኞቻቸው በ1965 የከፈቱት «ፓ ያ ፓ» የሥዕል ማሳያም የውይይት ቤትም ነበር፤ በ1997 እሳት በላው። በ1968 ደግሞ ንጉጊ ዋ ቲዮንጎ፣ ታባን ሎ ሊዮንግና ሄንሪ ኦውር አኒዩምባ በናይሮቢ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ የእንግሊዝኛ ክፍል ተሰርዞ የአፍሪካ ሥነ ጽሑፍና ቋንቋዎች ክፍል እንዲተካ ጠየቁ። በ2003 በቢንያቫንጋ ዋይናይና መሪነት የተጀመረው «ክዋኒ?» መጽሔትም ወጣቶችን በዙሪያው አሰባስቧል፤ ለእርሱም የፎርድ ፋውንዴሽን ድጎማ አልቀረለትም።

ከእነዚህ ሁሉ የሚለየው ከናይሮቢ ብዙ ሳይርቅ በሊሙሩ አጠገብ የሚገኘው የካሚሪቱ መንደር ነው። ንጉጊ ዋ ቲዮንጎና ንጉጊ ዋ ሚሪ በኪኩዩ ቋንቋ የጻፉትን ተውኔት በ1977 ገበሬዎችና የፋብሪካ ሠራተኞች ራሳቸው በሠሩት ጣራ አልባ ቴአትር ቤት አሳዩት። ልምምዱ በገሃድ ስለነበረ አዛውንቱም ወጣቱም እየገባ ቋንቋውን ያርም፣ ታሪኩን ያስተካክል ነበር። እዚህ ጋባዡና ተጋባዡ አንድ ሆኑ። መንግሥትም የፈራው ይህንኑ ይመስለኛል፤ ንጉጊ በእንግሊዝኛ ብዙ ሲጽፍ ኖሮ ያልታሰረ፣ ይህ ተውኔት በኅዳር ወር ከታገደ በኋላ በዚያው ዓመት የመጨረሻ ቀን ተይዞ አንድ ዓመት ያህል ያለ ፍርድ ታሰረ። ቴአትር ቤቱም በ1982 እንዲፈርስ ተደረገ።

ንጉጊ በእስር ቤት ሳለ በመጸዳጃ ወረቀት ላይ በኪኩዩ የጻፈው ልብ ወለድ በ1980 ታተመ። ማንበብ የማይችለው ብዙ ስለነበር መጽሐፉ በየቤቱ፣ በሥራ ቦታ በምሳ ሰዓት፣ እንዲሁም በየመጠጥ ቤቱ ጮክ ተብሎ ይነበብ ጀመር። ንጉጊ እንደተረከው በመጠጥ ቤት የሚያነበው ሰው ብርጭቆው ባዶ ሲሆን፣ ያውም ታሪኩ ልብ ከሚያንጠለጥልበት ቦታ ሲደርስ፣ መጽሐፉን ያስቀምጣል። አድማጮቹም ታሪኩ እንዲቀጥልላቸው ሌላ ቢራ ያዙለታል።