መኪናችሁን የሌላ ሰው ቁልፍ ያስነሳታል? ስላረጀ ኳድሮ ማወቅ ያለባችሁ

እስቲ ዛሬ ማታ አንድ ነገር ሞክሩ። ቤት ውስጥ አሮጌ ኮሮላ፣ ሃይሉክስ ወይም ሚኒባስ ካለ የሌላ መኪና ቁልፍ ተዋሱና ኳድሮው ውስጥ ከታችሁ ለማዞር ሞክሩ። ሳታስገድዱ፣ ቀስ ብላችሁ። አልገባም ወይ አልዞርም ካለ ጥሩ ነው። ከዞረና ክሩስኮቱ ላይ መብራት ከበራ ግን ይቺ ጽሑፍ ለእናንተ ናት። (መንዳት ላልጀመራችሁ፦ ኳድሮ የሚባለው ቁልፍ አስገብተን ሞተር የምናስነሳበት ቦታ ነው።)

እኛን ያስጻፈችን የአንድ ባልደረባችን አባት ዲኤክስ ናት። በ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ) የተሠራች፣ ከሁላችንም በዕድሜ የምትበልጥ። መጀመሪያ ቁልፉ ለመዞር አስቸገረ። "ትንሽ ሳብ፣ ከዛ ወደ ላይ ገፋ" እየተባለ የቤቱ ሰው ሁሉ ዘዴውን ለመደው። ቀጥሎ ሞተሩ እየሠራ ቁልፉ መውጣት ጀመረ። አባትየው ነገሩን እንደ ቀልድ ነበር የሚያዩት፤ ጠዋት መኪናዋን አስነስተው፣ ቁልፉን ኪሳቸው ከተው ቁርሳቸውን ይበላሉ። በመጨረሻ ጋራዥ ተወሰደች። በግማሽ ሰዓት ተሠርታ ወጣች፣ ቁልፉም እንደ ቅቤ መዞር ጀመረ። ሁሉም ደስ አለው።

ከወር በኋላ ባልደረባችን ጨለማ ውስጥ ተሳስቶ ቀጭን የጓጉንቸር ቁልፍ ከተተ። ሞተሩ ተነሳ።

ምን ተደርጎ እንደነበር ለመረዳት ውስጡን ማየት ያስፈልጋል። ቁልፉ የሚገባበት ክብ ብረት ሲሊንደር ይባላል። ውስጡ በትንንሽ ሞላዎች የሚገፉ ስስ የነሐስ ቁርጥራጮች ተደርድረዋል። እዚህ ጽሑፍ ላይ ምላስ እንበላቸው። ቁልፍ በሌለበት ምላሶቹ ከሲሊንደሩ ወጣ ብለው የውጪው ቤት ላይ ያለ ቦይ ውስጥ ይገባሉ፤ በዚህ ምክንያት ሲሊንደሩ አይዞርም። ትክክለኛው ቁልፍ ሲገባ ጥርሶቹ እያንዳንዱን ምላስ በልኩ ያነሱታል፣ ሁሉም ከሲሊንደሩ ገጽ ጋር እኩል ይሆናሉ፣ ያኔ ይዞራል። አንድ ምላስ እንኳን ትንሽ ወጣ ካለ ይይዛል።

ቁልፉ ሺህ ጊዜ ሲገባና ሲወጣ ሁለቱም ይበላሉ። የከተማችን አቧራ ደግሞ እንደ ሞረድ ነው። ቁልፉ አልዞር ሲል ትክክለኛው ጥገና ያረጁትን ምላሶች መቀየር ነው። አቋራጩ ግን ሌላ ነው፦ የያዘውን ምላስ በሞረድ መፋቅ፣ ወይም ጭራሽ አውጥቶ መጣል። ቁልፉ ወዲያው ቅልል ይላል፣ ደንበኛውም አመስግኖ ከፍሎ ይሄዳል። በዲኤክሷ ላይ የሆነው ይሄው ነው፤ ስትፈታ ከግማሽ በላይ ምላሶቿ የሉም። የቀረው ቁልፍ ሳይሆን ማንም የሚያዞረው እጀታ ነበር።

ኳድሮ ለመቀየር ከመሮጣችሁ በፊት ግን ችግሩ እዚያ መሆኑን አረጋግጡ። ጎማው ታጥፎ የቆመ መኪና መሪው ሲቆለፍ ቁልፉን ጨምድዶ ይይዘዋል፤ መሪውን ግራ ቀኝ እየነቀነቃችሁ ቁልፉን አዙሩ፣ ብዙ ጊዜ ይፈታል። ቁልፉ በደንብ ዞሮ ሞተሩ ዝም ካለ ደግሞ ሲሊንደሩ ንጹህ ነው። ከሲሊንደሩ ጀርባ ለብቻው የተገጠመ የኤሌክትሪክ ስዊች አለ፣ ጥፋቱ እዚያ፣ ባትሪ ላይ ወይም ሞተሪኖ ላይ ሊሆን ይችላል። ይህን ሳይለዩ ሙሉ ኳድሮ ገዝተው የመጡ ሰዎች እናውቃለን።

ሦስተኛው ተጠርጣሪ ራሱ ቁልፉ ነው። የጠፋ ቁልፍ ሲተካ ካለው ላይ ይቀረጻል፣ ያም ሲጠፋ ከቅጂው ሌላ ቅጂ። እያንዳንዱ ቅጂ ከፊቱ የነበረውን መበላት ይዞ ነው የሚወለደው። ያረጀ ቁልፍ ይዛችሁ "አዲስ ቅረጽልኝ" ካላችሁ የምታገኙት አዲስ ያረጀ ቁልፍ ነው። ከዚህ የሚሻል መንገድ አለ፦ የተሳፋሪው በኩል ያለ በር። ብዙ ሰው የሚከፍተው የሹፌሩን በር ስለሆነ የተሳፋሪው ቁልፍ ቤት ከነጥርሱ ጤነኛ ሆኖ ይቆያል። ጎበዝ ቁልፍ ቀራጭ እሱን ፈትቶ የምላሶቹን ልክ በማንበብ ከፋብሪካ እንደወጣ ዓይነት ቁልፍ ማውጣት ይችላል። አንዳንድ የጃፓን መኪኖች ላይ የቁልፉ ኮድ እዚያው ቁልፍ ቤት ላይ ተመትቶ ይገኛል። አንዳንዴ ችግሩ በዚህ ብቻ ያልቃል።

ካላለቀ ሲሊንደሩ ይወጣል። በአሮጌ ቶዮታዎች ላይ ሥራው የሚያስፈራ አይደለም። የባትሪው ኔጌቲቭ ይነቀላል፣ የመሪው ሥር ፕላስቲክ ይፈታል፣ ቁልፉ ራዲዮ ብቻ በሚሠራበት ቦታ (ኤሲሲ) ላይ ይደረጋል። በትንሿ ቀዳዳ በቀጭን ሽቦ ፒኑ ሲጫን ሲሊንደሩ ተስቦ ይወጣል። ልብ በሉ፣ ይህ የሚሆነው ቁልፉ መዞር እስከቻለ ድረስ ነው። ጭራሽ እምቢ እስኪል ከጠበቃችሁ በትራፓኖ መብሳት ሊመጣ ይችላል፣ ያኔ የሚተርፍ ዕቃ የለም። ስለዚህ "ገፋ፣ ሳብ" የሚባልበት ጊዜ ነው ወደ ባለሙያ የመሄጃው ጊዜ። መሪው ላይ ኤርባግ ካለ ደግሞ ለለመደ ሰው ተዉት።

አሁን ምርጫው ሁለት ነው። አንደኛው ኮምፕሌት መግዛት፣ ማለትም ኳድሮና የበሮቹን ቁልፍ ቤት አንድ ላይ፣ ከአዲስ ቁልፍ ጋር። ሁለተኛው ሲሊንደሩን ብቻ ቀይሮ ከድሮው ቁልፍ ጋር ማስማማት ነው። ምላሶቹ መካከላቸው ያለው ቀዳዳ ከፍታ ይለያያል፣ ቁጥርም አላቸው። ባለሙያው ቁልፉን ከትቶ የትኛው ምላስ እንደወጣ ወይም እንደገባ ያያል፣ እሱን አውጥቶ ትክክለኛ ቁጥር ያለውን ይተካል። ሁሉም ከገጹ ጋር እኩል ሲሆኑ አለቀ። በዚህ መንገድ አንድ ቁልፍ በርም ኳድሮም ይከፍታል። እኛ ብንጠየቅ ይሄኛውን እንመርጣለን፣ ግን ከላይ ባልነው ጤነኛ ልክ የተቀረጸ ቁልፍ ይዞ።

ሶማሌ ተራ ወርዶ ያገለገለ ኳድሮ መግዛትም አለ፣ ብዙ ሰው የሚያደርገውም ይህን ነው። ችግር የለውም፣ አንድ ጥያቄ ግን አለ፦ የዚያ ቁልፍ ቅጂ ማን ጋር ነው? ያገለገለ ከገዛችሁ ምላሶቹን ሳታስቀይሩ አትግጠሙት። ዋጋ አንጽፍም፤ ዛሬ የጻፍነው ነገ አይሠራም።

ቁልፋቸው ውስጥ ቺፕ ያለባቸው ወጣ ያሉ ሞዴሎች ላይ ሲሊንደር መቀየር ብቻውን አይበቃም። ቁልፉ ቢዞርም መኪናው ቺፑን ካላወቀው ሞተሩ አይነሳም። የድሮውን ቺፕ አትጣሉ።

ስለ ቁልፍ መያዣችሁም አንድ ነገር። በ2014 (እ.ኤ.አ) ጀነራል ሞተርስ 2.6 ሚሊዮን የሚጠጉ ትንንሽ መኪኖቹን የጠራው በኳድሮ ምክንያት ነበር። ስዊቹ ልል ስለነበር መኪናው እየሄደ ቁልፉ ከቦታው ይንሸራተታል፣ ሞተሩ ይጠፋል፣ ኤርባጉም በግጭት ጊዜ አይነፋም። ኩባንያው ባቋቋመው የካሳ ፈንድ የ124 ሰዎች ሞት ካሳ ተፈቅዶለታል። እዚያ ጥፋቱ የፋብሪካ ነበር፣ የቁልፍ መያዣ ክብደትም ያባብሰው ነበር። የእኛ አሮጌ ኳድሮዎች ደግሞ በዕድሜ ነው የላሉት። ስለዚህ የቤቱን፣ የሱቁን፣ የቢሮውን ቁልፍ፣ ጠርሙስ መክፈቻውን ሁሉ አንድ ላይ አታንጠልጥሉ።

ቁልፉ ጠጠር ሲል የሞተር ዘይት አትጨምሩበት። አቧራውን ሰብስቦ ጭቃ ያደርገዋል። የእርሳስ ዱቄት (ግራፋይት) ቁልፉ ላይ ቀብታችሁ ደጋግማችሁ ብታስገቡና ብታወጡ ይሻላል።

ሥራው ሲያልቅ ከመክፈላችሁ በፊት ባለሙያው ፊት ሦስት ነገር አድርጉ። ያወጣቸውን አሮጌ ምላሶች አሳየኝ በሉት፣ ምን እንደተካባቸውም ጠይቁት። ሞተሩ እየሠራ ቁልፉን ለማውጣት ሞክሩ፣ መውጣት የለበትም። ከዚያ የእሱን መኪና ቁልፍ ተዋሱና በእናንተ ኳድሮ ላይ ሞክሩት።